በግራው ጥግ ያረፈ ኳስ

ጥቅምት 6

ለጋሼ፣ ለክለባችን መሥራችና ለእንጨቱ ጠረጴዛ አባት፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ጉልበትዎስ? ልጅዎ ቤት ተላመዱ ወይስ አሁንም ወንበሩ ሁሉ ይነቃነቃል እያሉ ሰው እንደተቀመጠበት ብሎኑን ያጠብቃሉ? እኛ ደህና ነን። እኔም መርፌዬንና ምላሴን ይዤ አለሁ፤ ሁለቱም አልደነዙም።

ስለ ቧንቧው ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ጠብታው ቆሟል። ቆሟል ስል ቦታ ቀይሯል ማለቴ ነው። ድሮ መረቡ ላይ ነበር የሚንጠባጠበው። አሁን ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ ሆኗልና ከእሱ በቀር ቅሬታ ያቀረበ የለም።

ዓመታዊ ሪፖርቱን እንዳለ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። በስብሰባ ላይ የሚነበብ ስለሆነ እርስዎ የሚያውቁትንም ይደጋግማል፤ አዲሶቹ አባላት ግማሹን አያውቁትማ። እንደ ባለሥልጣን ነው የጻፍኩት፣ አይሳቁብኝ።

«የሰፈራችን የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ በተገባደደው ዓመት በነዋሪዎች ማኅበር ሕንፃ ምድር ቤት ሥራውን ያለማቋረጥ አከናውኗል። የአባላት ቁጥር ጨምሯል፤ በተለይም ከሥራ መልስ የሚመጡ ሴቶች በመብዛታቸው ማክሰኞና ዓርብ ለእነሱ ተለይቷል። ሲያጥበረብር የነበረው አምፖል ተለውጧል። ግድግዳው በከፊል ቀለም ተቀብቷል፤ በከፊል የሆነው ቀለሙ ስላለቀ ነው።

ክለቡ ሁለት ጠረጴዛዎች አሉት። አንደኛው ተገዝቶ የመጣው ባለ ብረት እግሩ ነው። ሁለተኛው መሥራቻችን አናጺው ከሟች ልጃቸው ጋር በገዛ እጃቸው የሠሩት የእንጨቱ ጠረጴዛ ነው። በእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በር በሩን ይዞ በሚቆመው ተጫዋች በስተግራ ባለው ጥግ፣ ኳስ እንደማይነጥር ይታወቃል። እዚያ ያረፈ ኳስ ለማንም አይቆጠርም። በእጅ ተይዞ «የእሱ ነው» ይባላል፣ ነጥቡም ይደገማል። አዲስ አባላት ይህን ደንብ እንዲያከብሩ እናሳስባለን።

የዓመቱ ትልቁ ክንውን የከተማው ውድድር ነበር። ተወካያችን ፌንጣ ለፍጻሜ ደርሳ ሁለተኛ ወጥታለች። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ አንደኛ የመውጣት፣ ቀሪውን ግድግዳ የመቀባትና ሦስተኛ ጠረጴዛ የማግኘት ዕቅድ አለው።»

ይኸው ነው። ሳነበው ሊቀመንበራችን፣ ያው ዕድሜ ልኩን አውቶብስ ሲነዳ የኖረው ሾፌራችን፣ አንቀላፍቶ ነበር። ጭብጨባው ሲቀሰቅሰው ብድግ አለና «ደረስን?» አለ። ምድር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሼ እዚህ በነበሩ ብዬ ሆዴ ባባ።

የእህቴ ልጅ ፌንጣ እጅ ትነሣለች። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ በዝቶባት ራሷ መጻፍ አልቻለችም። መቼ ነው የሚመጡት? ወንበርዎ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ጠብታውም አልደረሰበትም።

አክባሪዎ የክለቡ ጸሐፊ፣
መርፌ


ጥቅምት 28

ለመርፌ፤

ሪፖርትሽ ደረሰኝ። ሾፌሩን ሳሚልኝ። ዱሮም አውቶብሱን ሲነዳ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አይታወቅም ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው። ፊደሌ ከተጣመመ መስመር የሌለው ወረቀት ሰጥተውኝ ነው። ልጄ ወንበሩን አትንካ ብላኛለች፣ እኔም እሷ ሥራ ስትሄድ ነው የምነካው። መቼ ይመጣሉ ላልሽኝ፣ መንገዱ ይርቃል፣ ብርዱም አለ። ብርዱ ይለፍና እናያለን።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስለ ቧንቧ ብዙ ጻፍሽ፣ ስለ ቀለም ጻፍሽ፣ ስለ ፌንጣ ግን አንዲት መስመር። እኔ አንቺን ዛሬ አይደለም የማውቅሽ። አንቺ ስታዝኚ ነገር ታሳጥሪያለሽ። ባልሽ ጥሎሽ የሄደ ጊዜ «ቤቱ ሰፋኝ» ብለሽ ነው የነገርሽኝ፣ ሌላ ቃል አልተናገርሽም። ያቺ ልጅ ራኬት መያዝ ስትጀምር ጠረጴዛው አገጯ ጋ ነበር፣ ከእግሯ ሥር ሣጥን ያደረግሁላት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣ ሰው ያሸነፈው ሰው አለ። እንዴት ተሸነፈች? የመጨረሻው ኳስ የት አረፈ?

አናጺው


ኅዳር 15

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሙሽራ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር። ጥዬው አነበብኩት። ሙሽራዋ ትጠብቅ፣ ገና ብዙ ትጠብቃለች።

ለጥያቄዎችዎ በየተራ ልመልስ። የእንጨቱ ጠረጴዛ በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ ውሃ አይነካውም፣ እንዳዘዙት። የኋለኛው እግር ሥር ያደረጉት ካርቶን ተጨፍልቆ ነበር፣ በሌላ ለውጠነዋል። የመሣሪያ ሣጥንዎ በቦታው አለ፣ መሮዎቹም በዘይት ታሽተዋል። አዲሶቹ ሴቶች እጅግ ጎበዞች ናቸው። አንዷ ነርስ ናት፣ ሰርቭ ስትመታ መርፌ የምትወጋ ነው የሚመስለው፣ አይታይም፣ ከዚያ ያምማል።

ዕቅዱም እየሄደ ነው። ሾፌሩ የቀረውን ግድግዳ ራሴ እቀባለሁ ብሎ ተነሥቶ መሰላሉ ላይ ወጥቶ መውረድ ፈራ። ይዘን አወረድነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ግድግዳው አላነሣም።

ስለ ውድድሩ ፌንጣ ራሷ ሲመጡ ታጫውትዎታለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሰሞኑን ወደ ምድር ቤቱ እየወረደች አይደለም። ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ጋ ትደርስና ታልፋለች። ድካም ነው ትላለች። ብረት ምጣድ የሚያህል መተኮሻ ስትገፋ ውላ ቢደክማት ምን ይገርማል?

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ። መስመር የለውም ያሉት ወረቀት እኮ መስመር አለው፣ ጋሼ። ሰማያዊ መስመር። ፊደልዎ ነው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች የሄደው፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ሌላው ላይ ተጽፏል። ዓይንዎ ደህና ነው ያሉኝን እንዳላምን አደረጉኝ። ልጅዎ ሐኪም ቤት ወስዳዎታለች? ምን አሉ?

መርፌ


ታኅሣሥ 9

ለጸሐፊዋ፤

ስለ ካርቶኑ መለስሽ። ስለ መሮው መለስሽ። ስለ ነርሷ ያልጠየቅሁሽን ነገርሽኝ። የጠየቅሁሽን ግን አልመለስሽም።

ስለዚህ እኔው ልናገረው። ግራው ጥግ ላይ ነው ያረፈው፣ አይደል? በእጇ ያዘችው?

ስለ ዓይኔ አትጠይቂኝ። አዎ ወይም አይደለም ብለሽ ጻፊልኝ።

አናጺው


ታኅሣሥ 27

ለጋሼ፤

አዎ።

ይህን ቃል ብቻ ጽፌ ልልክልዎ ነበር፣ ግን ስታዝኚ ታሳጥሪያለሽ ብለው አፌን ስለዘጉኝ ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ የደበቅሁት ክፉ አስቤ አይደለም። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ ጨንቆኝ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፣ አንገት ለአንገት ተያይዘው፣ ተጋጣሚዋ በአንድ ነጥብ ቀድማለች። አዳራሹ ሙሉ ነው። የክለቡ ሰው ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ ተሰድረን ተቀምጠናል። ወዲያኛዋ ልጅ ከሩቅ መትታ ኳሱን ከፌንጣ በስተግራ ጥጉ ላይ አሳረፈችው። ጥሩ ኳስ ነበር፣ ግን የሚመለስ ኳስ። ፌንጣ ከዚህ የባሰውን ስትመልስ አይተናል። ኳሱ ነጥሮ ሲነሣ ግራ እጇን ዘረጋችና ያዘችው። «የእሱ ነው» አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ለወዲያኛዋ ወረወረችላት፣ ድገሚው ብላ።

ጋሼ፣ የሚያስለቅሰኝ ይኼ አይደለም። የሚያስለቅሰኝ፣ አግዳሚው ላይ የነበርነው ሁላችን በአንድ አፍ «የእሱ ነው» ማለታችን ነው። ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ እኔ። ማንም አላሰበውም። ከአፋችን ከወጣ በኋላ ነው ዳኛዋ ነጥቡን ለወዲያኛዋ ስትሰጥ ያየነው። ያቺ ያሸነፈችው ልጅ ደስ ይበላት ወይስ አይበላት ግራ ገብቷት ኳሱን ይዛ ቆመች። ሰው ሳቀ። ፌንጣ ገና እጇን እንደዘረጋች ነበረች።

አንደኛ የወጣችው የከተማው ቡድን ውስጥ ገብታለች። ደመወዝ አለው፣ አሠልጣኝ አለው። ፌንጣ ከዚያ እንፋሎት ቤት ትወጣ ነበር።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ሾፌሩ ነገራት። ደንቡን እንጂ ታሪኩን አታውቅም ነበር እኮ፣ ማንም ነግሯት አያውቅም። ልጁ ባረፈ በወሩ እርስዎ ወደ ምድር ቤቱ ተመልሰው እንደመጡ፣ ከሾፌሩ ጋር መጫወት እንደጀመሩ፣ ኳሱ እዚያ ጥግ አርፎ ጸጥ ሲል እንደያዙት፣ «ይኼ የእሱ ነው፣ ድገመው» እንዳሉ ነገራት። ያን ጥግ ኮላ የቀባው ልጁ መሆኑንም ነገራት። በዚያ ዝቅ ባለ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣ ራኬቱን በብብቱ ይዞ፣ እኔም ታየኝና አለቀስኩ። ፌንጣ ግን አላለቀሰችም። እስክንወርድ ድረስ በመስኮት ነበር የምታየው።

አሁን ኮሚቴው ጥጉ ይጠገን ይላል። መጪው ውድድር ሩቅ አይደለም፤ ጥጉ እንዲህ እስካለ ድረስ የማናችንም እጅ ኳስ ከመያዝ አይመለስም። ይህን ስነግራት ፌንጣ ጮኸችብኝ። «የሰው ልጅ መታሰቢያ አፍርሼ ነው አንደኛ የምወጣው? ከነካችሁት እኔ ራኬት አልነካም!» ብላ ሄደች።

እኔ ምን ልበልዎ? ይጠገን ብዬ እንዳልለምንዎ አፌ እምቢ አለኝ። ይቆይ እንዳልል ደግሞ የእህቴ ልጅ ናት። ከእህቴ የቀረችኝ እሷ ናት። ያሉትን እናደርጋለን።

መርፌ


ጥር 20

ለመርፌ፤

ይህን የምጽፈው እኔ የአናጺው ልጅ ነኝ። አባቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪው ብሎኛል።

አሁን ለምን ልጄ እንደምትጽፍልሽ ገብቶሻል። ግራ ዓይኔ ከመጣሁ በኋላ ሄደ። ቀኙ መስኮቱ የት እንዳለ ይነግረኛል፣ ፊት አይነግረኝም። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ አንችልም ብለዋል። ብርዱ ሲያልፍ እመጣለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። አልመጣም። ወንበሬን ለሾፌሩ ስጡት፣ ጠብታው እስኪገድለው አትጠብቁ።

የጻፍሽውን ልጄ አነበበችልኝ። ሁለቴ አስነበብኳት። (እኔ ልጁ ግን ልናገር፤ አራት ጊዜ ነው ያስነበበኝ።) ያን ቀን «የእሱ ነው» ያልኩት ደንብ ይሁን ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ካልተናገርኩ መሬት ላይ እወድቅ ስለነበር ነው። ሾፌሩ በነጋታው ኳሱ እዚያ ሲያርፍ እሱም አለው። ከዚያ ሌላው አለው። እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኝ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው ልጄን የሚያስታውስልኝ መሰለኝ። ጠረጴዛውን በጠገንኩት ቀን ሰው ሁሉ ይረሳዋል ብዬ ፈራሁ። አናጺ ሆኜ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ እያየሁ ተውኩት።

ልጁ ትንሽ ነበር። ኮላውን ቀባ ብዬ የሰጠሁት ደስ እንዲለው ነው። በዚያች ትንሽ እጁ ይዞ ምላሱን አውጥቶ ሲቀባ አሁንም አየዋለሁ፤ እሱን ለማየት ዓይን አያስፈልገኝም። ግን ያቺ ልጅ በእኔ ልጅ ምክንያት እንፋሎት ቤት ትቅር ማለት አልችልም። እሱም ይታዘበኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጠረጴዛውን ገልብጡት፤ ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ጥጉ ላይ ያሉትን ብሎኖች ፍቱና ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ እንዳታስቀምጡ። ከሥር ያለውን ድጋፍ እንጨት በቀጭኑ መሮ ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንሡት። መዶሻ አይነካውም፣ በመዳፍ ነው የሚገፋው። የደረቀውን ኮላ እንጨቱ እስኪታይ ፍቁት። አዲሱን ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ፣ ወፍራም ኮላ ያታልላል እንጂ አይዝም። ከዚያ ክብደት ጫኑበት። ሾፌሩ ይቀመጥበት፤ እሱ እንደሆነ እዚያው ይተኛል።

ባዕድ አናጺ አይግባ። መሮውን ፌንጣ ትያዘው። እኔ ነኝ ያልኩት በያት።

አናጺው

(ይህን ከራሴ ነው የምጨምረው። ደብዳቤውን ጨርሰን አባቴ ምግብ አልበላም። የማላየው መስሎት በጣቱ የጠረጴዛችንን ጥግ ያሻሻል። እባካችሁ ሥራው ሲያልቅ ፈጥናችሁ ጻፉልን።)


የካቲት 18

ለጋሼ፤

ለልጅዎም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እሷ ናት የምታነብልዎት። እኔ ስለ ዓይንዎ ሳነብ ምን እንደሆንኩ አልጽፍም። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ ልበልዎ፣ ይበቃል።

ሥራው አልቋል። ፌንጣ መጀመሪያ እምቢ አለች። ደብዳቤዎን ሰጠኋት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አነበበችው፣ ከዚያ ተነሥታ ሳጥንዎን ከፈተችና መሮውን አወጣች። ጠረጴዛውን ገለበጥነው። እኔ ትእዛዝዎን ጮክ ብዬ አነብባለሁ፣ እሷ ትሠራለች፣ ሾፌሩ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። ብሎኖቹ ያለ ብዙ ችግር ወጡ። እንጨቱን በመዳፏ እየገፋች ስታነሣው የሆነ ነገር ጣ ብሎ ተላቀቀ። ከዚያ ፌንጣ እጇን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ ነይ እዪ» አለችኝ።

ድጋፉና ጣውላው አልገጠሙም ነበር፣ በመካከላቸው ክፍተት ነበር። ልጁ ክፍተቱን በኮላ ሞልቶታል። ሞልቶም ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎታል። የጣቱ አሻራ እንዳለ ቀርቷል፣ ጋሼ። መስመሮቹ ሁሉ አሉ፣ ጎኑ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር አለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልክ ስወስድ ነው የኖርኩት፤ የስንቱን ትከሻ፣ የስንቱን ወገብ ለክቻለሁ። እንዲህ ያለ ልክ ግን ወስጄ አላውቅም። ሾፌሩ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፍቂው የሚለውን መሥመር ማንበብ አቃተኝ። ፌንጣ ግን «አልፍቀውም፣ አወጣዋለሁ» አለች። በቀጭኗ መጋዝ ዙሪያውን ቆርጣ ከነእንጨቱ አወጣችው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ጥቅል እሱ ነው። የጠቀለልኩት በሐር ገበር ነው፤ ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈ ነው፣ አልነገርኳትም። የቀረውን እንዳዘዙት አደረግን። ሾፌሩ ተቀመጠበት፣ ተኛበትም።

በነጋታው ፌንጣ በር በሩን ይዛ ቆመች፣ ሾፌሩ በወዲያ። ሁላችንም ዙሪያውን ከበብን። ብዙ ሳይቆዩ ኳሱ ጥጉ ላይ አረፈ። ነጠረ። ልክ እንደ ሌላው ቦታ ነጠረ፣ ምንም ልዩነት የለውም። ፌንጣ ግን አልመለሰችውም። በእጇም አልያዘችውም። ኳሱ በአጠገቧ አልፎ ግድግዳው ጋ ሄዶ ተንከባለለ፣ ማንም ሊያነሣው አልሄደም። «የእሱ ነው» ማለት አልቻልንም፤ የእሱ የነበረውን አውጥተን ጠቅልለነዋልና። መጫወትም አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። ጠረጴዛው ድኗል፣ እኛ ግን ቆመን ቀርተናል።

ውድድሩ ቀርቧል። ፌንጣ ተመዝግባለች፣ ግን በዚህ ሁኔታ ምን ታደርጋለች? ጋሼ፣ አሁን ኳሱ እዚያ ሲያርፍ ምን እንበል? እርስዎ የመጀመሪያውን ቃል እንደሰጡን ሌላ ቃል ይስጡን።

መርፌ


መጋቢት 5

ለመርፌ፤

ጥቅልሽ ደረሰ። ልጄ ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሽታው ቀድሞ ነገረኝ፤ ያረጀ ኮላ እንደሚሸት አንቺ አታውቂም፣ እኔ አውቃለሁ።

አውራ ጣቴን አስገባሁበት። ጠብቄ የነበረው እንደማይገባ ነው። ትንሽ ጉድጓድ ናት ብዬ ከጫፏ ነበር ያስጠጋኋት። ጣቴ ሙሉ በሙሉ ገባች፣ ቦታም ተረፋት። የተሳሳትኩ መስሎኝ አወጣሁና መልሼ አስገባሁ። ልጄን፣ «ይኼ የማን ነው?» አልኳት። «የእሱ ነው፣ አባዬ። ወንድሜ እኮ ካንተ ይበልጥ ነበር» አለችኝ። በጣቴ ጎኑን ዳሰስኩት፤ ጠባሳዋ አለች። መላጊያ የቆረጠው ጊዜ እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ ያኔ ጢም ነበረው። እንዴት ረሳሁት?

ልጁ፣ ልጁ እያልኩ እኔው አሳነስኩት፣ መርፌ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሕፃን አደረግሁት። ስቀብረው እንደ እኔ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ያለቀስኩት ለአንድ ትንሽ ልጅ ነው፣ ለሰውዬው ገና አላለቀስኩም። ሰሞኑን ለእሱ እያለቀስኩ ነው። ልጄም እየጻፈች ታለቅሳለች፣ ፊደሉ ቢበላሽ የእሷ ጥፋት ነው።

ደግሞ ኮላ የሰጠሁት ደስ እንዲለው ነው ብዬሽ ነበር። እሱም ትክክል አይደለም። ልጅ ቢሆን ኮላውን ቀብቶ ይሄድ ነበር። እሱ ክፍተቱን አይቷል። ሊያድነው ፈልጎ ነው የሞላው፣ ጣቱንም ያሳረፈው ይያዝ ብሎ ነው። ኮላው ከዳው እንጂ የፈለገው ኳሱ እንዲነጥር ነበር።

አሁን ቃል ስጠን ላላችሁት፣ ቃል የለኝም። በሚቀጥለው ሪፖርትሽ ያን ደንብ ሰርዢው፤ በምትኩ ሌላ አትጻፊ። እኔ ጣቱን ይዣለሁ፣ ትራሴ ሥር ነው፣ ማስታወሱን ለእኔ ተዉት። ፌንጣን ደግሞ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። አዳራሹ ውስጥም ሆነ ምድር ቤታችን ኳሱ በስተግራ ሲያርፍ አትፍሪ፣ አትያዥው፣ ምንም አትበይ። ያ ሰውዬ ኳሱ እንዲነሣ ብሎ ነው የደከመው። ተነሥቶልሻል። መልሺለት።

አናጺው